የነጩ ቮልስ ቀኝ ጎን

«መኪና ወርዶበት ነው፤ አደጋ ነው» ተብሎ ለኢንስፔክተር ጀማነሽ በስልክ ተነገራት። ጀማነሽ ግን ሌላ ሰው የቀመሰውን ወጥ «ጨው በቅቶታል» ብላ የምታወጣ ሴት አይደለችም። የቢሮ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች፤ ሳጅን ፍሬሰላምን አስከትላ ወደ ካዛንቺስ ወረደች።

ሰፈሩ በመፍረስ ላይ ነበር። ትናንት ሱቅ የነበረው ዛሬ የጡብ ክምር ሆኗል። ዶዘሩ ከወዲያኛው መንገድ ያጓራል፤ ሰው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ይሄዳል፤ ያልሄደውም ቆርቆሮውን ይነቅላል። ከቀሩት ጥቂት ግቢዎች አንዱ የወይዘሮ ፀሐይቱ ነው። ሴትዮዋ በዚያው ሳምንት ሊወጡ ስለሆነ፣ ሟች ባላቸው ጓሮ ውስጥ በሸራ ሸፍነው የተዉአትን አሮጌ ነጭ ቮልስ ለገበያ አውጥተዋታል። ዓመታት ሙሉ ማንም ያላያት መኪና፣ ሰፈር ሲፈርስ ከተሸሸገችበት ወጣች።

መኪናዋ የወረደችባቸው ሰው አቶ ወልዱ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። ቮልሷን ገዝተው ሊያድሷት ፈልገው፣ ከመግዛታቸው በፊት ዝገቷን ሊያዩ እንደመጡ ደላላው ተናገረ። የፊት ቀኝ ጎማዋ ለእድሳት ወልቆ፣ በክሪክ ተነሥታ ቆማ ነበር። ሰውዬው ጎማው በነበረበት ባዶ ቦታ አንገታቸውን አስገብተው ሲመለከቱ ወርዳባቸዋለች። ጎረቤቶች ተረባርበው ግንባሯን በእጃቸው አንሥተው ጎትተው ቢያወጧቸውም፣ ነፍሳቸው ቀድማ ወጥታ ነበር።

አስከሬኑ በሰሌን ላይ ተጋድሟል። ከአጠገቡ የወደቀው ስልክ መብራቱ እንደበራ ነው። በግራ እጃቸው አንድ ትንሽ ነገር ጨብጠዋል። ጀማነሽ ጣቶቹን ቀስ ብላ ከፈተቻቸው። በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ነው። ስቱኮ የተሞላ ብረት ማግኔት ስለማይዝ ገዢዎች መኪናን በማግኔት እንደሚፈትሹ፣ ቀለም እንዳይጭርም በጨርቅ እንደሚጠቀልሉት ታውቃለች፤ የዚህኛው ጨርቅ ግን ጠርዙ በመርፌ ተቀምቅሞ፣ ታጥቦና ተተኩሶ የተያዘ ነው።

«ዝገት ነው የገደላቸው» አለ ፍሬሰላም። «ክሪኩ ያረፈበት ላሜራ በስብሶ ተቦርድሶ ይሆናል።»

ጀማነሽ ተንበረከከች። ላሜራው ቢቦረደስ ኖሮ ቀይ የዝገት ፍርፋሪ መሬቱ ላይ ይታይ ነበር፤ የለም። በጣቷ ብታንኳኳው ጠንካራ ነው፤ አንድ ጊዜ ተበይዶ የታደሰ ቦታ ነው። ክሪኩ ቢገለበጥ ኖሮ ደግሞ በጎኑ ወድቆ ይገኝ ነበር። እሱም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ብቻ አጥሯል። የዘይት ክሪክ ነው፤ ከእግሩ ያለችው የዘይት መክፈቻ ስትላላ ወዲያው ዝቅ የሚል። መክፈቻዋን በመሀረቧ ይዛ ነካካቻት። ላልታለች።

የጣት አሻራ የሚያነሡት ሰዎች መጥተው ሥራቸውን ጨርሰው «ውጤቱ ቀናት ይፈጃል» ብለው ሲሄዱ፣ መክፈቻዋን አጥብቃ፣ ክሪኩን ራሷ እየረገጠች መኪናዋን መልሳ አነሣቻት። ፍሬሰላም ግራ ገባው። «ማንም እንዳይነካት» አለችው፤ «እዚሁ ትዋል።»

አለቃዋ በመካከሉ ደወለ። ግቢው ከነገ ወዲያ ይፈርሳል፤ አደጋ ከሆነ አደጋ ብለሽ ጨርሺው አላት። ስልኩን ዘግታ ኪሷ ከተተች። የሰው ልጅ ሞቶ፣ የሞተበት መሬት እንኳ ሊታረስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መቸኮል ያለባት እሷ እንደሆነች ታውቃለች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ደላላውን ኢያቄምን ነው። በቴሌግራም ቻናል አሮጌ መኪና የሚያሻሽጥ፣ ፀጉሩን የተቆነደደ ጎረምሳ ነው፤ አሁን ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማለቴ፣ ጋሽ ወልዱ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። በቃ የከተማውን ቮልስ ሁሉ አሳይቻቸዋለሁ። አንዱንም አልገዙም።»

«ሲያዩ እንዴት ነው የሚያዩት?»

«እሱ ነው የሚገርመው። ዝገት ያለው ከታች ነው ጋሼ፣ እንጎንበስ እላቸዋለሁ። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ወደ ፊት ቀኝ ፓራፋንጎ ነው፣ ጎማውን ወደሚሸፍነው ብረት። ማግኔቷን ያስጠጋሉ፣ ትይዛለች፣ 'አይደለችም' ይላሉ፤ እንሄዳለን።»

«አይደለችም? ወይስ አልወደድኳትም?»

«አይደለችም ነው የሚሉት። ሁልጊዜ።»

ያን ጠዋት ቀጠሯቸው አንድ ላይ ነበር፤ ኢያቄም ባምቢስ ጋ መንገድ ተዘጋግቶበት ሲዘገይ አቶ ወልዱ ቀድመውት ገቡ። እሱ ሲደርስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል፤ ለወጉ ያህል አንኳኳ።

«እማማ ፀሐይቱ ወጡ። አለባበሳቸውን ሳይ ሐዘን ያለበት ቤት መሰለኝና፣ አፍሬ ልመለስ ነበር፤ ሐዘንተኛ ፊት ስለ መኪና ዋጋ ይወራል እንዴ? እሳቸው ግን 'ግባ፣ ሰውየው ጓሮ ነው' አሉኝ። ገባሁ። ከዚያ ጮህኩ።»

ጀማነሽ ቃሉን በማስታወሻዋ ጻፈችና አሰናበተችው።

ቀጥሎ ቮልሷን ይጠግን የነበረው ጀሚል ተጠርቶ መጣ። እዚሁ ሰፈር ላሜራ ሲቀጠቅጥ ያደገ ሰው ነው፤ ጋራዡ ሲፈርስበት ወደ ወሎ ሰፈር ዞሯል። ጠዋት እዚያው ደንበኛ ሲያስተናግድ እንደነበር ተናገረ፤ ፍሬሰላምም በስልክ አረጋገጠ። ጀማነሽ ስለ ዝገት ጠየቀችው፤ ሰው በሚያውቀው ነገር ሲጠየቅ አንደበቱ ይፈታል።

የቮልስ ዝገት ከኋላ ወንበር ስር፣ ባትሪው ከሚቀመጥበት እንደሚጀምር ነገራት። ከዚያ ወለሉን ይበላል። ብልጥ ገዢ ምንጣፉን ገልጦ በካቻቢቴ ወለሉን ይወጋጋል፤ ከስር አዲስ ካትራሜ፣ ያ ጥቁር ሬንጅ፣ ተቀብቶ ካየ ደግሞ የተሸፈነ ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። «ፓራፋንጎውን መጨረሻ ነው የሚያዩት፤ በቡሎን የታሰረ ነው፣ ቢበላሽ አውልቀው ሌላ ያስራሉ።» ክሪኩ ያረፈበትን ቦታ የበየደው እሱ ነው። ወዲያው ስለ ድሮው አነሣ፤ የግቢው አባወራና እትዬ ፀሐይቱ ቮልሷን አብረው ነበር የሚንከባከቧት። ባል ጎማ ሲፈታ፣ ክሪኩን የምታነሣና የምታወርደው ሚስት ነበረች፤ የሰፈሩ ሰው «የፀሐይቱ መካኒክነት» እያለ ይቀልድ ነበር።

ጀማነሽ ፈገግ አለችና ማግኔቱን ከነጨርቁ አውጥታ የቮልሷ በር ላይ አስጠጋችው። ያዘ። ኮፈኑ ላይ አስጠጋችው። ያዘ። ቀኝ ፓራፋንጎ ላይ ስታስጠጋው ወደቀ።

ጀሚል ማግኔቱን ከመሬት አላነሣውም። ጀማነሽ የእጅ ባትሪዋን አብርታ በወለቀው ጎማ ቦታ ወደ ውስጥ አየች። ከውጭ እንደ ወተት የነጣው ብረት ከውስጥ ሰማያዊ ነው፤ በዚያ ሰማያዊ ላይ የመዶሻ ምት ተደራርቧል።

«ስቱኮ ሞልተህ፣ ቀለም ቀይረህበታል» አለችው።

«የግቢው አባወራ 'አጥር ገጨሁ' አሉኝ» አለ ጀሚል፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «ጎረቤቴ ናቸው፤ አጥር አይመስልም እንዴት ልበላቸው? ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከነክነኛል። ያኔውኑ በሸራ ሸፈኗት። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።»

ሦስተኛው ዳግም ነው፤ የወይዘሮ ፀሐይቱ አንድያ ልጅ። ጠዋት ቮልሷን በክሪክ አንሥቶ፣ የተነፈሰውን ጎማ አውልቆ፣ ወደ ጎሚስታ የወሰደው እሱ ነው። ድንጋይ ሳላስደግፋት ሄድኩ እያለ እጁን ያፍተለትላል። ጎማውን በእጁ እያንከባለለ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ መሄዱ ለጀማነሽ አልተዋጠላትም።

«ታክሲ ላይ ጭነህ መሄድ ትችል ነበር። ወይም የጓደኛ መኪና መንዳት።»

«አልነዳም።»

«መንጃ ፈቃድ የለህም?»

«ነበረኝ» አለ። ጎሚስታው ደግሞ ልጁ ጎማውን ትቶ እንደሄደና ዘግይቶ እንደተመለሰ ተናግሯል። ፍሬሰላም ይህን ሰምቶ ጀማነሽን በዓይኑ ጠቀሳት፤ እሷ ግን የት እንደነበረ አጣርቶ እንዲመጣ ላከችው።

ወይዘሮ ፀሐይቱ የጠየቀቻቸውን ሁሉ በርጋታ መለሱ። ሰውየውን ከዚህ በፊት አይተዋቸው አያውቁም። በር ከፍተውላቸው፣ ጓሮውን በእጃቸው አመልክተው፣ ዕቃ ወደ መጠቅለል ተመለሱ። ዶዘሩ ሲያጓራ ሌላ ድምፅ አልሰሙም። «ደላላው ሲጮህ ነው ያወቅሁት» አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የዕንባ መንገድ በጉንጫቸው ደርቋል። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሊነሣ እንደሆነና በሚፈርስ ቤት ግን ድግስ እንደማይደገስ አወጓት። ጀማነሽ አዘነችላቸው፤ እያዘነችም ትመለከታቸው ነበር።

ከዚያ ቂርቆስ ሄደች። መርዶው ቀድሟት ስለነበር ወይዘሮ ጦቢያ፣ የአቶ ወልዱ ባለቤት፣ በጎረቤት ተከበው ነበር። ሰው ገለል ሲልላቸው ጀማነሽ ጨርቁን አሳየቻቸው። ወይዘሮ ጦቢያ ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት።

«ልጄ ልደት ትለብሰው የነበረ ዩኒፎርም ነው። እኔ ነኝ የቀመቀምኩት።»

ልደት የዛሬ ስምንት ዓመት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባምቢስ አጠገብ ተገጭታ ሞተች። አይተናል ያሉት ሁሉ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ሰማያዊ ቮልስ ነው፣ የገጫት በቀኝ ግንባሩ ነው፣ የነዳው ወጣት ነው። መኪናው አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ አቶ ወልዱ ቮልስ መፈለግ ጀመሩ። መጀመሪያ ሰማያዊ ብቻ ይፈልጉ ነበር፤ ኋላ «ቀለም ይቀየራል፣ የተመታ ብረት ግን አይረሳም» ብለው ሁሉንም ማየት ያዙ።

«መኪና ይወዳል ብሎ ሰው ያፌዝበት ነበር» አሉ ወይዘሮ ጦቢያ። «ወልዱ መሪ እንኳ ጨብጦ አያውቅም።»

«ቢያገኙት ምን ሊያደርጉ ነበር?»

«ሊጠይቀው ነዋ። በየሌሊቱ እየቀሰቀሰ እኔን ይጠይቀኛል። እኔ ከየት አውቃለሁ?» አሉና ጨርቁን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ጀማነሽ አቶ ወልዱ ምን ይጠይቁ እንደነበር ልትሰማ ፈለገች፤ ግን አልቻለችም፣ የራሷም ዓይን ሞልቶ ነበር።

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ሁሉንም በወይዘሮ ፀሐይቱ ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ጦቢያ «እኔም ልምጣ» ብለው በእህታቸው ልጅ ተደግፈው መጡ፤ ወንበር ተሰጣቸው። ወይዘሮ ፀሐይቱ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ዳግም አጠገባቸው ቆመ። ጀሚልና ኢያቄም ግንቡን ተደግፈዋል። ቮልሷ በመካከል በክሪኳ ላይ እንደቆመች ነው።

«ይህችን መኪና ከጠዋት ጀምሮ እንደተነሣች ትቻታለሁ» አለች ጀማነሽ። «ጣት ያህል እንኳ አልወረደችም። ክሪኩ ዘይት አያፈስም፣ ብረቱም አልበሰበሰም። ስለዚህ ጠዋት የወረደችው በአደጋ አይደለም፤ የዘይቱን መክፈቻ ያላላ እጅ አለ።»

ዶዘሩ ለዕለቱ ቆሟል።

«ታዲያ መኪና ሊገዛ የመጣን ሽማግሌ ማን ይገድላል? ማንም። ግን አቶ ወልዱ ገዢ አልነበሩም። ዝገት የሚፈልግ ሰው ይጎነበሳል፣ ምንጣፍ ይገልጣል፣ ወለል ይወጋል። እሳቸው ቀኝ ፓራፋንጎ ላይ ማግኔት አስጠግተው 'አይደለችም' ብለው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ዛሬ ማግኔቱ ወደቀ። ጎማው ወልቆ ስላገኙት ውስጡን ሊያዩ ገቡ፤ ከነጩ ጀርባ ሰማያዊ አገኙ። የልጃቸውን ገዳይ መኪና አገኙ ማለት ነው።»

ዳግም ከእናቱ አጠገብ ወደ ፊት ወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ልጅቷንም እኔ ነኝ፣ እሳቸውንም እኔ ነኝ። እማዬን ተዋት።»

«ማንም የእናትህን ስም አላነሣም» አለችው ጀማነሽ በለሆሳስ። «ልጅቷን የገጨሃት አንተ ነህ፤ ለዚህ ነው መሪ የማትጨብጠው። አባቷን ግን አልገደልክም። ጎማውን ትተህ ሄደሃል ሲሉኝ ጠርጥሬህ ነበር። ፍሬሰላም አጣርቷል፤ በዚያ ሰዓት ሚስትህንና ሕፃኑን ይዘህ ጤና ጣቢያ ተሰልፈህ ነበር። ጀሚልም ወሎ ሰፈር ነበር። ኢያቄም፣ አንተ ስታንኳኳ ለምን ልትመለስ ፈለግህ?»

«ሐዘን ያለ መስሎኝ ነዋ… ነጠላቸው…» አለና ዞር ብሎ ወይዘሮ ፀሐይቱን አያቸው።

«ነጠላቸው ምን ሆኖ ነበር?»

«ተዘቅዝቆ። ጥለቱ ላይ፣ አንገታቸው ጋ።»

«አዎ» አለች ጀማነሽ። ወደ ወይዘሮ ፀሐይቱ ዞራ ዝቅ ብላ ተናገረች። «አሁን ቢያዘቀዝቁ ወግ ነው፤ በግቢዎ ሰው ሞቷል። ግን ኢያቄም ሲያንኳኳ ገና ማንም መሞቱን አያውቅም ነበር። እርስዎ ራስዎ ደላላው ሲጮህ ነው ያወቅሁት ብለውኛል። ታዲያ እትዬ ፀሐይቱ፣ ለማን ነበር ያዘቀዘቁት?»

ሴትዮዋ ወደ ነጠላቸው ጥለት አጎንብሰው አዩ፤ ገና ያን ጊዜ ያዩት ይመስል። ከጠርዙ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል የዘይት ምልክት አለች።

«እጄ ነው ያዘቀዘቀው» አሉ። «እኔ አላዘዝኩትም። ቤት ገባሁ፣ ታጠብኩ፣ ነጠላዬን ሳነሣ እጄ አዘቀዘቀው።»

«እማዬ» አለ ዳግም።

«ሰውየው ክፉ አልተናገሩኝም። ከስር ወጥተው 'ሰማያዊ ናት' አሉኝ፤ አለቀሱ። ማን ነው የነዳት አሉኝ። ባሌ ነው አልኩ። 'ወጣት ነው ብለውኛል' አሉ። ከዚያ 'ልጅዎን አልከሰውም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው' ብለው ተመልሰው ገቡ፤ ብረቱን እንደ ሰው ገላ ይዳብሱት ነበር። እኔ አላመንኳቸውም። ልጅ የሞተበት ሰው እንዴት አይከስም? የልጅ ልጄ ገና አርባ ቀኑ አልሞላም፤ አባቱን ሊወስዱብኝ ነው አልኩ። ክሪኩ ከእግሬ ስር ነበር።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እናት ልጇን ልታድን ብላ እሷም ታሠረች፣ እሱም ታሠረ፤ የማይከስ ሰውም ሞተ። ጀማነሽ በሥራ ዘመኗ ብዙ ወንጀለኛ ይዛ ደስ ብሏት አድራለች፤ በዚያ ቀን ግን ምናለ አደጋ በሆነ ብላ ተመኘች።

«ምን ሊጠይቁኝ ነበር?» አለ ዳግም። ለማን እንደተናገረ አልታወቀም።

የመለሱለት ወይዘሮ ጦቢያ ናቸው።

«ብቻዋን ነበረች ወይ ብሎ ነው። ልጄ ስትሞት ብቻዋን ነበረች ወይ? ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ጥያቄ የለውም።»

ዳግም መሬት ላይ ተንበረከከ። ፍሬሰላም ሊይዘው ሲል ጀማነሽ ከለከለችው።

«ብቻዋን አልነበረችም» አለ። «ወርጄ ነበር። ጭንቅላቷን አቀፍኳት። እጄን ያዘችኝ። 'ለእማዬ እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች' አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ሰው ሲመጣ መኪናዋን አስነሥቼ ሸሸሁ።»

ወይዘሮ ጦቢያ ለረጅም ጊዜ አዩት። ጀማነሽ ይራገማሉ ብላ ጠብቃ ነበር።

«እጇ ይሞቅ ነበር?» አሉ።

«ይሞቅ ነበር እማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጉ፤ ፊታቸው ላይ እፎይታ የሚመስል ነገር አለፈ። ሳያስቡት ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ስልካቸውን አወጡ፤ ለሚነግሩት ሰው ደወሉና ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

በሳጅን ፍሬሰላም እጅ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ የአቶ ወልዱ ስልክ ጠራ። መስታወቱ ላይ «የልደት እናት» የሚል ስም በራ።